የጂፒኤስ ዱካ ፋይልን ማወቅ፣ ማየትና ማረም፦ ለቡና አምራች ሞዴል አርሶ አደሮች የተዘጋጀ የሥልጠና ጽሑፍ



የቡና ማሳዎን ዳር ድንበር ከእርስዎ የተሻለ የሚያውቅ የለም። የትኛው ዋንዛ የእርስዎ፣ የትኛው የጎረቤትዎ እንደሆነ፣ የውኃ መፋሰሻው ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያበቃ ቤትዎ ተቀምጠው ይናገራሉ። ነገር ግን ቡናውን ባሕር ተሻግሮ የሚገዛው ሰው ዋንዛውንም ጎረቤትዎንም አያውቅም። እሱ የሚያየው ከስልክ ወይም ከጂፒኤስ መሣሪያ የወጣ አንድ ትንሽ ፋይል ነው። ፋይሉ ትክክል ከሆነ ይመሰክርልዎታል፤ ከተሳሳተ ይመሰክርብዎታል።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቁጥር 2023/1115 መሠረት ወደ ኅብረቱ አገሮች የሚገባ ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ደን ከተመነጠረበት መሬት የተመረተ መሆን የለበትም። ይህን ለማሳየት ቡናው የበቀለበት ማሳ መገኛ ይጠየቃል። ማሳው ከ4 ሄክታር በላይ ከሆነ ዙሪያው በሙሉ መለካት አለበት። ከዚያ በታች ለሆነ ማሳ አንድ ነጥብ ይበቃል፤ ሆኖም ማኅበራት ለጥንቃቄ ሲሉ የትንንሾቹንም ዙሪያ ሊጠይቁ ይችላሉ። ደንቡ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ከአንድ ጊዜ በላይ ስለተራዘመ አሁን የጸናውን ቀን ከመሠረታዊ ማኅበርዎ ወይም ከዩኒየኑ ይጠይቁ። ልኬቱን ግን ቀኑ እስኪደርስ አያቆዩት። በጥድፊያ የተለካ ማሳ እንዴት እንደሚበላሽ ከዚህ በታች ያያሉ።

የሚለካልዎ የልማት ሠራተኛው ወይም የማኅበሩ ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ፋይሉን ከፍተው ማየትና ስህተቱን መለየት የእርስዎም ድርሻ ነው። ባለሙያው በቀን ብዙ ማሳ ይዞራል፤ እርስዎ ግን የሚመለከቱት አንድ ማሳ፣ ያውም የራስዎን ነው።

ዱካ ፋይል ምንድን ነው?

የጂፒኤስ ሳተላይቶች ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ይዞራሉ። ስልክዎ ወደ እነርሱ ምንም አይልክም፤ የሚልኩትን ምልክት ብቻ ይቀበላል። ቢያንስ ከ4 ሳተላይቶች ምልክት ሲያገኝ የቆመበትን ቦታና ከፍታ ያሰላል። ስለዚህ ጂፒኤስ ሲም ካርድም ሆነ ኔትወርክ አያስፈልገውም። ኔትወርክ በሌለበት ጫካ ውስጥም ይሠራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቦታውን ለማግኘት ብቻ ደቂቃዎች ሊወስድበት ይችላል። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውንና የሳተላይት ፎቶውን ለማውረድ ነው፤ ይህን ደግሞ ከተማ ሲወርዱ አስቀድመው መጨረስ ይችላሉ።

እየተራመዱ ሳለ ስልኩ በየጥቂት ሰከንዱ ያሉበትን ቦታ ይመዘግባል። እርጥብ መሬት ላይ የሄደ በሬ ኮቴውን እየተወ እንደሚሄድ ማለት ነው። እነዚህ ነጥቦች በቅደም ተከተል ሲቀመጡ ዱካ ይባላሉ። በአብዛኛው የሚቀመጡት ጂፒኤክስ በሚባል የፋይል ዓይነት ነው። ጂፒኤክስ ምሥጢር የለውም፤ በጽሑፍ መክፈቻ ቢከፍቱት የሚነበብ ተራ ጽሑፍ ነው። በውስጡ ሦስት ዓይነት ነገር ሊኖር ይችላል። አንደኛው ነጠላ ነጥብ ነው፤ ለምሳሌ ቀፎ የተሰቀለበት ዛፍ፣ ምንጭ ወይም የማሳ ማዕዘን። ሁለተኛው ወደፊት ሊሄዱበት ያቀዱት መንገድ ነው። ሦስተኛው በእውነት የተሄደበት ዱካ ነው። ባለሙያ ፋይል ሲልክልዎ ከሦስቱ የትኛው እንደሆነ ይጠይቁ። የታቀደ መንገድ ሰው ያልረገጠው ሊሆን ይችላልና።

በዱካው ውስጥ ያለ አንድ ነጥብ ይህን ይመስላል፦ ኬክሮስ 7.271450፣ ኬንትሮስ 36.241830፣ ከፍታ 1742፣ ቀንና ሰዓት 2024-11-16 07:20:15። ኬክሮስ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ምን ያህል እንደራቁ፣ ኬንትሮስ ደግሞ ወደ ምሥራቅ ምን ያህል እንደሄዱ ይናገራል። በቦንጋ አካባቢ ኬክሮሱ በ7፣ ኬንትሮሱ በ36 ይጀምራል። ሚዛን አማን፣ ቴፒና ማሻ ላይ ኬንትሮሱ በ35 ይጀምራል። ይህቺን ቁጥር በቃልዎ ይያዙ። ፋይል በተከፈተ ቁጥር በመጀመሪያ የሚያዩት እርሷን ነው።

ሰዓቱ ብዙ ሰው ያደናግራል። ቀኑ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ከላይ ያለው ኅዳር 7 ቀን 2017 ዓ.ም. ማለት ነው። ሰዓቱ ደግሞ የዓለም አቀፍ ሰዓት ሲሆን ከእኛ አገር በ3 ሰዓት ወደኋላ የቀረ ነው። ወደ እኛ አቆጣጠር ለመመለስ ቀላሉ ዘዴ በፋይሉ ካለው ሰዓት 3 መቀነስ ነው። 07:20 የሚለው ጠዋት 4:20 ይሆናል። እዚህ ላይ መቆየታችን ያለ ምክንያት አይደለም። «ይህ ማሳ የተለካው ሌሊት ነው» ተብሎ ልኬቱ የተጠረጠረበት ሰው ሊኖር ይችላል፤ ሰዓቱን መመለስ የሚችል አርሶ አደር በአንድ አፍታ ያስረዳል።

ከነጥብ በኋላ ያሉት አሃዞች

ቁጥሮቹ ከነጥብ በኋላ የያዙት አሃዝ የልኬቱን ጥራት ይወስናል። ከነጥብ በኋላ 3 አሃዝ ብቻ ቢጻፍ መጨረሻው አሃዝ 110 ሜትር ያህል ማለት ነው፤ ይህ ከብዙ ማሳዎች ስፋት ይበልጣል። 4 አሃዝ 11 ሜትር ያህል፣ 5 አሃዝ አንድ ሜትር ያህል፣ 6 አሃዝ ደግሞ 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ደንቡ 6 አሃዝ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። ይህ ማለት ግን ስልክዎ 11 ሳንቲ ሜትር ድረስ ልክ ነው ማለት አይደለም። ተራ ስልክ ሰማዩ በተገለጠበት ቦታ 5 ሜትር ያህል ሊሳሳት ይችላል፤ ከጥላ ዛፍ ሥር ደግሞ ስህተቱ ከ10 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። አሃዝ ማብዛት ስህተቱን አይቀንሰውም። አሃዝ ማጉደል ግን ያባብሰዋል። በወረቀት ላይ ሲገለብጡ «መጨረሻዎቹ ቁጥሮች ትርፍ ናቸው» ብለው አይተዉ።

በዚሁ ላይ በየሥልጠናው የምናያቸው ሁለት የአጻጻፍ ስህተቶች አሉ። የመጀመሪያው ዲግሪና ደቂቃን ማምታታት ነው። የእጅ ጂፒኤስ መሣሪያ ቦታውን 7 ዲግሪ ከ16.287 ደቂቃ ብሎ ሊያሳይ ይችላል። አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ ስለሆነ ይህ በዲግሪ ብቻ ሲጻፍ 7.271450 ነው። ሰው ቸኩሎ 7.16287 ብሎ ከጻፈው ማሳው 12 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ ይሄዳል፤ ያ ቦታ ደግሞ የሌላ ቀበሌ ጥብቅ ደን ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ቁጥሮቹን አቀያይሮ መጻፍ ነው። በንግግር ኬክሮስን አስቀድመን እንጠራለን፤ ጂፒኤክስም እያንዳንዱን በስሙ ይጽፋል። ኬኤምኤልና ጂኦጄሰን የሚባሉት የፋይል ዓይነቶች ግን ኬንትሮሱን ያስቀድማሉ። ይህን ያላወቀ ሰው ቁጥሮቹን በእጁ ሲያስገባ ከተቀያየሩበት የቦንጋው ማሳ አልጄሪያ ውስጥ ተገኝቶ ያርፋል። ያስቃል፤ ግን ቀላሉ ስህተት ይህ ነው፤ ካርታውን የከፈተ ሁሉ ወዲያው ያየዋልና። አስቸጋሪው ጥቂት መቶ ሜትር ብቻ የሚያዛባው ነው። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች አዲንዳን በሚባል መነሻ የተሠሩ ሲሆኑ ጂፒኤስ የሚጠቀመው ደብሊውጂኤስ 84 የተባለውን ነው። የሁለቱ ልዩነት በእኛ አካባቢ ከመቶ ሜትር በላይ ነው። መሣሪያው በአዲንዳን ተስተካክሎ ተለክቶ በሌላው ቢነበብ ማሳዎ ቅርጹን ሳይለቅ እንዳለ ወንዝ ተሻግሮ ይቀመጣል። በተጨማሪም የሜትር መጋጠሚያ ቁጥር የሚጠቀም ባለሙያ ካለ ክልላችን በሁለት ዞን የተከፈለ መሆኑን ያስታውሱት፤ ቦንጋ በዞን 37፣ ሚዛን አማንና ቴፒ በዞን 36 ናቸው።

ዱካውን ሲይዙ

የታረመ ፋይል ጥሩ ነው፤ እርማት የማያስፈልገው ግን ይበልጣል። ስለዚህ ከአያያዙ እንጀምር።

ከመነሣትዎ በፊት ስልኩን ሙሉ ቻርጅ ያድርጉ፤ ሎኬሽን የሚለውን ያብሩ፤ የባትሪ ቁጠባውን ያጥፉ። ብዙ ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ስክሪኑ ሲጠፋ ምዝገባውን ያቋርጡታል። ሰውየው ማሳውን ዞሮ ሲመለስ ፋይሉ ውስጥ ያለው መነሻውና መድረሻው ብቻ ይሆናል። ለመመዝገብ ኦስማንድ የተባለው መተግበሪያ ያለ ኢንተርኔት ስለሚሠራና ጂፒኤክስ ስለሚያወጣ ለእኛ ሥራ ይመቻል። በልማት ሠራተኞች እጅ ያለው የጋርሚን መሣሪያም ይህንኑ ይሠራል።

ሜዳ ላይ ወጥተው ቢያንስ 5 ደቂቃ ይቁሙ። መተግበሪያው የስህተቱን መጠን በሜትር ያሳያል፤ መጀመሪያ 30 ወይም 40 ይልና እየወረደ ይሄዳል። 5 ወይም 6 አካባቢ ሲረጋ ምዝገባውን ይጀምሩ። ስልኩን በኪስ አይክተቱ፤ ከደረትዎ ከፍ አድርገው በእጅዎ ይያዙ። ሰውነትም ምልክት ይጋርዳል። ድንበሩን ተከትለው በዝግታ ይራመዱ፤ ቡና ለቀማ ላይ ያለ ሰው ቢያስቆምዎ ሰላምታውን አሳጥረው ይለፉ፤ ምክንያቱን ቀጥሎ ያያሉ።

ከጥላ ዛፍ ሥር ያለ ማሳ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የዋንዛና የብርብራ ቅጠል፣ በተለይ ዝናብ ሲመታው፣ ምልክቱን ያዳክመዋል። ምልክቱ ከግንድና ከገደል እየተንጸባረቀ ሲመጣ ደግሞ ስልኩ ርቀቱን ያሳስተዋል። እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ያለማቋረጥ እየተራመዱ ከመመዝገብ ይልቅ በየማዕዘኑ ቆሞ ነጠላ ነጥብ መያዝ ይሻላል። በየማዕዘኑ አንድ ሁለት ደቂቃ ይቁሙ፤ የጋርሚን መሣሪያ ከሆነ አማካይ የመውሰድ አማራጭ አለውና ይጠቀሙበት። ድንበሩ በሚታጠፍበት ሁሉ ነጥብ ይያዙ። አራት ማዕዘን ብቻ ከያዙ ወደ ውስጥ የገባው የጎረቤት ጓሮ ወደ እርስዎ ይቆጠራል፤ ይህ ደግሞ ጠብ ነው።

ስህተቱ ምን ያህል ይጎዳል?

50 ሜትር በ50 ሜትር የሆነ ማሳ 2,500 ካሬ ሜትር ወይም ሩብ ሄክታር ነው። በሁሉም ጎን 3 ሜትር ወደ ውጭ ቢሳሳቱ 56 በ56 ይሆንና 3,136 ካሬ ሜትር ይወጣል። ይህ ከእውነተኛው በ25 ከመቶ ይበልጣል። በ2 ሜትር በ2 ሜትር ርቀት ለሚተከል የቡና ችግኝ በሄክታር 2,500 ችግኝ ስለሚያስፈልግ፣ በዚያ ልኬት ያዘዘ አርሶ አደር መትከያ የሌለው 160 ያህል ችግኝ ይተርፈዋል። 200 ሜትር በ200 ሜትር በሆነ የ4 ሄክታር ማሳ ላይ ግን ያው 3 ሜትር የሚያመጣው ልዩነት 6 ከመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ማሳው ባነሰ ቁጥር ጥንቃቄው ይጨምራል። ብዙዎቻችን ተቃራኒውን እናደርጋለን፤ «ትንሽ ማሳ ነው» ብለን በሩጫ እንዞረዋለን።

ፋይሉን ከፍቶ ማየት

ዱካውን በኦስማንድ ካርታ ላይ፣ ወይም ኢንተርኔት ባለበት በጉግል ኧርዝ የሳተላይት ፎቶ ላይ ይክፈቱት። በመጀመሪያ ቦታውን ይመልከቱ፤ ቀበሌዎ ላይ ነው? ከመንገዱ ወይም ከወንዙ በየት በኩል አረፈ? ከዚያ ቅርጹን ይመልከቱ። ማሳዎን ከተራራ ላይ ሆነው ሲያዩት የሚመስለውን ይመስላል? በመጨረሻም ስፋቱን ያንብቡ። በይዞታ ማረጋገጫ ደብተርዎ ላይ ካለው ጋር ብዙ ከተራራቀ ወይ ልኬቱ፣ ወይ የቀድሞው ግምት ተሳስቷል። የትኛው እንደሆነ ለመለየት አንዱን ጎን በገመድ ይለኩ። 50 ሜትር ተለክቶ የተቋጠረ ገመድ ለዚህ ሥራ ከማንኛውም መሣሪያ አያንስም። ገመዱ 62 ሜትር ብሎ ፋይሉ 75 ካለ ገመዱን ይመኑ።

የሳተላይት ፎቶውም በጥቂት ሜትር ሊዛነፍ እንደሚችል አይርሱ። ከጥላ በታች ያለ የቡና ማሳ ደግሞ ከላይ ሲታይ እንደ ደን ነው፤ የድንበሩ መስመር አይታይም። ስለዚህ «ፎቶው ላይ ስላልገጠመ» ብለው ትክክለኛውን ዱካ ወደ ፎቶው አይጎትቱ።

እርማት

ከማረምዎ በፊት የመጀመሪያውን ፋይል ገልብጠው በሌላ ስም ያስቀምጡ። ጥሬው ፋይል ፈጽሞ አይነካም። እርማቱ ሁሉ በቅጂው ላይ ይሁን፤ የጸዳው ፋይል ካጠራጠረ ወደ ጥሬው እንመለሳለን። ስም ሲሰጡም «አዲስ» ወይም «የመጨረሻ» ብለው አይተዉት፤ የቀበሌውን፣ የማሳውንና የቀኑን ስም ይስጡት።

በዱካ ላይ የሚታዩት ስህተቶች ብዙ ዓይነት አይደሉም። አንዴ ካወቋቸው ከሩቅ ይለዩአቸዋል።

ከሁሉም የሚጎዳው እሾህ የምንለው ነው። መስመሩ በድንገት ወደ ውጭ ይስፈነጠርና ይመለሳል። ምክንያቱ ለአፍታ የተሳሳተ ምልክት ነው። ለመለየት ሰዓቱን ይመልከቱ። በሁለት ነጥቦች መካከል 2 ሰከንድ ብቻ አልፎ ርቀቱ 60 ሜትር ከሆነ፣ ያ ሰው በሰዓት 108 ኪሎ ሜትር ሮጧል ማለት ነው፤ ስለዚህ ነጥቡ ሐሰት ነውና ይሰረዝ። አንድ እሾህ ምን ያህል ያዛባል? በ10 ሜትር ልዩነት ካሉ ሁለት ነጥቦች መካከል 60 ሜትር ወደ ውጭ የወጣ እሾህ 300 ካሬ ሜትር ይጨምራል፤ ይህ የሩብ ሄክታር ማሳ 12 ከመቶ ነው። ከዚያ የከፋው ግን የእሾሁ ጫፍ የሚያርፍበት ቦታ ነው። በካፋና በሸካ ያሉት ደኖቻችን በዩኔስኮ በባዮስፌር ሪዘርቭነት የተመዘገቡ ናቸው፤ የካፋው በ2010፣ የሸካው በ2012 እ.ኤ.አ.። የማሳዎ ፋይል በአንድ የውሸት ነጥብ ምክንያት ጥብቅ ደኑ ውስጥ ከገባ፣ ከሳተላይት ካርታ ጋር የሚያመሳክረው ሰው እሾህ ነው ብሎ አያልፈውም። ደን ውስጥ የበቀለ ቡና ብሎ ይይዘዋል። አንድም ዛፍ ያልቆረጠ አርሶ አደር ተጠያቂ የሚሆንበት መንገድ ይህ ነው።

ሁለተኛው ቋጠሮ ነው። ሰው አንድ ቦታ ሲቆም ስልኩ መመዝገቡን አያቆምም፤ ነጥቦቹም በዙሪያው እንደ ተተረተረ ክር ይጠላለፋሉ። ሰላምታውን ያሳጥሩ ያልንዎ ለዚህ ነው። ከቋጠሮው መሃል ላይ ያለውን አንድ ነጥብ አስቀርተው ሌሎቹን ይሰርዙ።

ሦስተኛው ጭራ ነው። ምዝገባውን ከቤት ደጃፍ ጀምረው ከሆነ ከቤት እስከ ማሳው ያለው መንገድም አብሮ ተመዝግቧል። ከፊቱም ከኋላውም ይቆረጥ። ይህ ለስፋቱ ስሌት ብቻ አይደለም፤ ፋይሉ ብዙ እጅ ስለሚያልፍ የቤትዎን ደጃፍና ቀፎዎችዎ የተሰቀሉበትን ዛፍ ለማያውቁት ሰው ማሳየት አያስፈልግም።

አራተኛው ያልተዘጋ ዙሪያ ነው። መነሻና መድረሻው ካልተገናኙ አንዳንድ መተግበሪያ ስፋቱን አያሰላም፤ አንዳንዱ ደግሞ በራሱ ቀጥ ያለ መስመር አስምሮ ይዘጋዋል። ክፍተቱ 3 ወይም 4 ሜትር ከሆነ የመጨረሻውን ነጥብ ከመጀመሪያው ጋር ያገናኙ። 20 ሜትር ከሆነ ግን ልኬቱ ተበላሽቷልና ተመልሰው ይዙሩ።

አምስተኛው ዝላይ ነው፤ ምልክቱ ሲጠፋ መስመሩ ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ቀጥ ብሎ ይሻገራል። ይህን በስክሪን ላይ በጣት ጎትቶ ማስተካከል አይቻልም፤ እውነተኛው መስመር ፋይሉ ውስጥ የለምና። ያንን ጎን ብቻ ተመልሰው በመለካት ይተኩት።

መተግበሪያዎች ዱካውን የሚያለሰልስ ወይም ነጥቦችን የሚቀንስ አማራጭም አላቸው። ለረጅም የጫካ መንገድ ይጠቅማል፤ ለማሳ ዙሪያ ግን ማዕዘኖቹን ስለሚቆርጣቸው አይጠቀሙበት። ከፍታውን ለማረምም አይድከሙ። የጂፒኤስ ከፍታ ከአግድሙ ይበልጥ ይሳሳታል፤ ለስፋቱ ስሌትም አያስፈልግም።

የማረምና የመቀየር ድንበር

ይህን በግልጽ መነጋገር ይገባናል። እሾህ መሰረዝ እርማት ነው። ደኑ ውስጥ የገባውን እውነተኛ ጎን ከካርታው ላይ ወደ ውጭ መግፋት ግን እርማት ሳይሆን ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ነው። የጎረቤትን ሁለት ረድፍ ቡና ማካተትም እንዲሁ። የሁለት ማሳዎች ፋይል ተደራርቦ ሲገኝ ሁለቱም ወገን ይመረመራል፤ የማኅበሩ ቡናም አብሮ ሊያዝ ይችላል። ከዚህም ሌላ የጂፒኤስ ፋይል የይዞታ ማረጋገጫ አይደለም፤ ድንበር አይሰጥም፣ ድንበርም አይነሳም። ክርክር ያለበት ጎን ካለ ከመለካቱ በፊት ጎረቤትዎንና የቀበሌውን የመሬት አስተዳደር ኮሚቴ ይዘው በጋራ ይዙሩት። አብረው ዞረው ያዩት መስመር በኋላ ክርክር አያስነሣም።

በዱካ ወደ ቤት መመለስ

ያው ፋይል በጫካ ውስጥ መንገድ መሪም ይሆናል። ቀፎ ለመስቀል፣ ኮረሪማ ለመልቀም ወይም የአሳታፊ ደን አስተዳደር ቡድኑ ወሰን ሲዞር ዱካውን ከመነሻው ያብሩት፤ ጉም ቢወርድ በመጡበት ኮቴ ይመለሱበታል። እዚህ ላይ ግን ከማሳ ልኬት የከፋ አደጋ አለ። ቀደም ሲል ዝላይ ያልነው ቀጥ ያለ መስመር በማሳ ላይ ስፋት ያዛባል፤ በጫካ ውስጥ ግን ገደል ላይ ያደርሳል። ምልክት የሚጠፋው ብዙውን ጊዜ ጠባብ ሸለቆ ውስጥ ነው፤ መስመሩ ሸለቆውን ቀጥ ብሎ የሚሻገረውም እዚያው ነው። ሰው የረገጠው መንገድ እንደ ጅማት ይጠማዘዛል። ለረጅም ርቀት በማስመሪያ እንደተሰመረ ቀጥ ያለ መስመር በጫካ ካርታ ላይ ካዩ ማንም አልሄደበትምና አይከተሉት። ለሌላ ሰው የሚልኩት ዱካ ከሆነ ደግሞ መስመሩን እዚያ ላይ ቆርጠው ለሁለት ይክፈሉት፤ ክፍተት ያየ ሰው ይጠነቀቃል።

ፋይሉን በቴሌግራም ሲልኩ እንደ ፋይል ይላኩት። የስክሪኑን ፎቶ አንሥቶ መላክ አይጠቅምም፤ ፎቶው ውስጥ ነጥብም ቁጥርም የለም። ከላኩ በኋላም ተቀባዩ ከፍቶ ቀበሌዎ ላይ ማረፉን እንዲነግርዎ ይጠይቁ።

ለመስክ ልምምድ

በሥልጠናው ሁለተኛ ቀን እያንዳንዱ ሠልጣኝ አንድ ማሳ ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ አንድ ጊዜ ስልኩን በኪሱ ከቶ በፍጥነት፣ አንድ ጊዜ በዚህ ጽሑፍ በተገለጸው መንገድ። ሁለቱ ዱካዎች በአንድ ካርታ ላይ ይከፈታሉ፤ ስፋታቸው ይነበባል፤ እሾህ፣ ቋጠሮና ጭራው ተለይቶ በቅጂው ላይ ይታረማል። ከዚያ አንዱ ጎን በገመድ ይለካና ከሁለቱ ጋር ይመሳከራል። ስለዚህ ሲመጡ ቻርጅ የተደረገ ስልክ፣ ካለዎት ፓወር ባንክ፣ የይዞታ ደብተርዎን ቅጂና 50 ሜትር ገመድ ይያዙ። ካርታው አስቀድሞ መውረድ ስላለበት ስልክዎን ከአንድ ቀን በፊት ለልማት ሠራተኛዎ ያሳዩ። ስማርት ስልክ የሌለዎት ከሆነ ከልጅዎ ወይም ከጎረቤትዎ ጋር ይምጡ፤ ስልኩን ማን ያዘ ሳይሆን ድንበሩን ማን አሳየ ነው የሚፈለገው።